ግማሽ ዕድሜው ስድስት ሰዓት

ድሬዳዋ፣ ኅዳር ፲፬ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.

ለታናሽ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ብርዱን እንዴት ቻለው? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ሐኪሙ ምስሉን አይቶ ሕመሙ ወደ አጥንቴ እንዳልተሻገረ ነግሮኛል። ሰፈራችን ሳቢያንም ሙቀቱ በርዶልናል።

የምጽፍልሽ ስልኬን ስለማታነሺ ነው። «አዲስ አበባ ድረስ መጥታ ቤቴን ንቃ ሆቴል አደረች፤ ምሳ ይዛላት የሄደችውን ልጄን ከበር መለሰቻት፤ ለገና እንዳትመጣብኝ» ማለትሽን ሰምቻለሁ። ኑኃሚንን መመለሴ እውነት ነው። ነገም ቢሆን እመልሳታለሁ። ምክንያቱን በሥርዓቱ ላስረዳሽና ከዚያ ፍረጂ።

ለአጥንት ምስሉ ብዬ አዲስ አበባ የተወጋሁት መድኃኒት ውስጥ ቴክኒሺየም የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ትምህርት ቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የነበረውን ሠንጠረዥ ታስታውሻለሽ? አርባ ሦስተኛው ሳጥን ባዶ ነበር። ያረጀው ሠንጠረዡ ነው እንጂ ንጥረ ነገሩ እኛ ሳንወለድ ተሠርቶ ነበር። ተሠርቶ ያልኩት በስሕተት አይደለም፤ ሰው ራሱ የሠራው የመጀመሪያው ንጥረ ነገር ነው፤ ስሙም በግሪክኛ ሰው ሠራሽ ማለት ነው። ጸንቶ የሚቀር ዓይነት የለውም፤ ሁሉም ጨረር እየለቀቀ ወደ ሌላ ይለወጣል። እኔን የወጉኝ ዓይነት ግማሽ ዕድሜው ስድስት ሰዓት ነው።

ጥፋቱ የተፈጠረው እዚህ ላይ ነው። አብራኝ የመጣችው ጎረቤቴ ፋርቱን ናት፤ ቀፊራ ቅመም ትሸጣለች፤ አማርኛዋንም የተማረችው እዚያው ገበያ ነው። ባለሙያው «ስድስት ሰዓት ነው» ሲል እሷ የግድግዳውን ሰዓት አየች። ልጅሽ ስትደውልላትም «ስድስት ሰዓት ላይ ያልቃል፣ ከዚያ ነይ» አለቻት። ኑኃሚን ሰባት ሰዓት ላይ ምሳ ዕቃዋን ይዛ ሆቴሉ መጣች።

እኔ የተወጋሁት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ ስምንት ሰዓት ላይ ግማሹ ይቀራል፤ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ የግማሹ ግማሽ። ሠላሳ አንድ ዓመት ኬሚስትሪ አስተምሬ ይህን አልስትም። በሩን ሳልከፍት ምሳውን መሬት አስቀምጣ እንድትመለስ ነገርኳት።

«አክስቴ፣ ልይሽ ብቻ» አለች።

«በስልክ እንነጋገራለን፣ ሂጂ» አልኳት።

ፋርቱን እየሳቀች «አቦ እትዬ፣ መብራት ሲጠፋ እርስዎ ይበቁናል» አለችኝ። እኔ አልሳቅሁም። ኑኃሚን ደረጃውን ወርዳ እስክትጨርስ በሩ ሥር ቆሜ አዳመጥኩ። ቤትሽ ያላደርኩትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ልጅሽ ካንቺ ግቢ አትጠፋም። በማግስቱ ልነግርሽ ስደውል ስልክሽ ዝግ ነበር።

«ፋርቱን እዚያው ክፍል አድራ የለ፣ ልጄ ምን በደለች?» ትያለሽ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ለዚህ ግን ቃል የገባሁበት ነገር አለ። ብትለምኚኝም፣ ዓመት ብታኮርፊኝም ቃሌን አላፈርስም። ኬሚስትሪ ግን ምሥጢር አይደለምና ሐኪም ቤቱ የሰጠኝ ወረቀት ላይ ያለውን ልገልብጥልሽ። በዚያን ቀን ከታማሚው አጠገብ እንዳይቆዩ የሚመከሩት ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው። አንደኞቹ ሕፃናት ናቸው።

ልጅሽ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

ራሷ እስክትነግርሽ አትጠይቂያት። ባለፈው ደስታውን ቀድመን ለመንደሩ ስናወራ የሆነውን አንቺም አትረሺውም። ውኃ በጀሪካን ግን አታሸክሚያት።

ለገና እመጣለሁ፤ አትምጪ ብትዪም እመጣለሁ። እመብርሃን ከቤታችሁ አትራቅ፤ የጀመረችላችሁን በሰላም ታስፈጽማችሁ።

ታላቅ እህትሽ