የጀምበሩ ጉርሻ

ጥቅምት 28
ሰሊጥ የጫኑ መኪኖች ሲያልፉ ዋሉ፤ አቧራው ቤቱን ሞላው። ለባሌ ለጀምበሩ አጥሚት ሰጠሁት። ሁለት ማንኪያ ዋጠ፣ ሦስተኛው ተመለሰ። የምግብ ቧንቧ ካንሰር ነው ከተባልን ሦስት ወራችን... አሁን ውሃም ሊያቅተው ነው። ነገ ጎንደር እንሄዳለን። ቧንቧውን ከፍቶ የሚይዝ የሽቦ ቱቦ ይገባለታል አሉ።
ድሮ አብደራፊ እርሻ ላይ ትራክተር ሲነዳ ትዝ አለኝ። ከቀን ሠራተኞቹ ጋር ቁጭ ብሎ ትሪውን ሲያጸዳው አየሁና ለእህቴ «የዚህን ሰው ቀለብ ማን ይችለዋል?» አልኳት። በዓመቱ እኔው አገባሁት።

ኅዳር 1፣ ጎንደር
ገባለት። በአፉ በኩል፣ ሳይቀደድ።
«እናቴ፣ ቱቦው መንገድ ይከፍታል እንጂ በሽታውን አያድንም» አለኝ ሐኪሙ። አውቃለሁ... ደግሞ «ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ የላመ ምግብ፣ በትንሽ በትንሹ። እንጀራ ለጊዜው ይቅር።»
ማታ አንድ ኩባያ ውሃ ግጥም አደረገ። ኩባያውን ገልብጬ አየሁት። እውነት ባዶ ነው።

ኅዳር 6
ወደ ቤታችን መተማ ከተመለስን ጠያቂ አልተቋረጠም። ዛሬ የድሮ የትራክተር ረዳቱ ገብረማርያም መጣ። ለእንግዳ የቀረበውን እንጀራ ጠቅልሎ፣ ጡጫ የሚያክል፣ «እንኳን አተረፈህ ወንድሜ፣ በሞቴ» ብሎ አፉ ላይ ደቀነበት። ጉርሻ እንዴት ይመለሳል? እሱ እምቢ ማለት አፈረ፤ እኔም አፈርኩ።
ጎረሰ፤ እንጀራው ቱቦው ላይ ቆመ። ምራቁ ተመለሰ፣ ላብ አጠመቀው። ጎንደር ሆስፒታል ላለችው ነርስ ደወልኩ። «ቀጥ ብሎ ጋዝ ያለው መጠጥ በጥቂቱ ይጎንጭ፤ ካልወረደ ወዲያው አምጪው» አለችኝ። ግማሽ ሰዓት... ወረደ።
ገብረማርያም ደጅ ወጥቶ ያለቅሳል። «በገዛ እጄ ልገድለው ነበር።»
ጀምበሩ ትንፋሹ ሲመለስ፣ «አንተ ድሮም ተሳቢ ከልኩ በላይ ነበር የምትጭነው» አለው።

ኅዳር 7
ከእንግዲህ አላፍርም። ማጉረስ የፈለገ በሻይ ማንኪያ ያጉርስ።

ኅዳር 14
ጎረቤቴ ሐሚዳ ሱቋን ዘግታ አሲዳ ይዛ መጣች፤ የሱዳኖቹን ገንፎ፣ ከባሚያ ወጥ ጋር። «እንደ ሾርባ አቅጥኜዋለሁ፣ የትናዬ፣ አትቆጪኝ» አለችኝ። ሳቅሁ።
ለሦስት ወር ጓዳ ገብቼ፣ ቆሜ ነበር የምበላው፤ እንዳያየኝ። ሴት ባሏ ፊት እንዴት ትበላለች፣ እሱ መዋጥ አቅቶት? ዛሬም ልማድ ሆኖብኝ ወደ ጓዳ ስገባ ጠራኝ። «የት ትሄጃለሽ? ብቻዬን ልታበዪኝ ነው?»
ቁጭ አልኩ። እሱ በማንኪያው፣ እኔ በማንኪያዬ፣ ከአንድ ሳህን። ለስንት ጊዜ? አላሰብኩም። በእኔ በኩል ያለውን ሲሻማኝ ሳህኑን ወደ እሱ ገፋሁለት።