ታጥቦ የተሰጣው ጨውና የጠፋው የደም ናሙና

አንባቢዎቼ፣ ደብዳቤው ሳይጀመር አንድ የሚያሳፍር ነገር በጆሯችሁ ልንገራችሁ። አምና በዚሁ ገጽ «የገበያ ጨው አቧራ አለው፤ አጥባችሁ ፀሐይ ላይ አስጡት» ያልኳችሁ እኔ ነኝ። እንቅርትን የሚከላከለው አዮዲንም አብሮ እንደሚታጠብ ገና አሁን ከሐኪም ሰማሁ። እባካችሁ ሳታጥቡ ክዳን ባለው ዕቃ አኑሩት።

ለተከበሩ የላቦራቶሪ ኃላፊ፣
ደብረ ታቦር

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የቢሮዎ በር ከተዘጋ ወር ስላለፈው፣ ከጉና የሚወርደው ብርድ እንዳላገኘዎ ተረድተን ደስ ብሎናል።

የምጽፍልዎ ስለ ወንድሜ ሚስት ስለ ብዙነሽ ነው። የአራት ወር ነፍሰ ጡር ናት። አንገቷ ላይ እንቅርት ወጥቶ፣ ድካምና ብርድ አላስቆም ቢላት፣ ሐኪሙ የታይሮይድ ምርመራ አዘዘላት። «የጽንሱ አእምሮ በእነዚህ ወራት የእናቱን ሆርሞን ይፈልጋል፤ ውጤቱ ቶሎ ይምጣና ኪኒኑን እንጀምር» አላት።

፩ኛ፦ ሚኒባስ በሁለት ሰዓት የሚደርስበትን የባሕር ዳር መንገድ፣ ለምርመራ ወደዚያ የላኩት የደም ናሙናዋ በአምስት ሳምንት ቀስ ብሎ በመጓዙ፣ ለጥንቃቄዎ እናመሰግናለን።

፪ኛ፦ ነፍሰ ጡር ብትንቀሳቀስ ይበጃታል ብለው አስበው ይሆናል፤ ከጉና ግርጌ በእግርና በባጃጅ «ሰኞ ተመለሺ» እያሉ አራት ሰኞ አመላለሷት። በአምስተኛው «ናሙናው ጠፍቷል፣ እንደገና ደም ስጪ» ተባለች። «ይቅርታ» የምትለዋም ቃል አብራ ሳትጠፋ አልቀረችም።

፫ኛ፦ ይኸኛው አቤቱታ በራሴ ላይ ነው፤ ሌላ የሚቀበለኝ ቢሮ ስላጣሁ እርስዎ ዘንድ ይቀመጥልኝ። በፋሲካ ልጠይቃት ሄጄ በጠራራ ፀሐይ ጋቢ ተከናንባ ባገኛት፣ «ምነው ብዙዬ፣ ሳትወልጂ አራስ ሆንሽ?» ብዬ ከጎረቤቶቿ ጋር ሳቅሁባት። እሷ ግን ጨው ያሰጣችበትን ሰፌድ አቅርባ፣ «እትዬ፣ እርስዎ እንደጻፉት ሦስቴ አጥቤ አሰጣሁት እኮ!» አለችኝ። እንድመርቃት ትጠብቅ ነበር። መረቅኋት።

ስለዚህ የፊታችን ሰኞ አብረን እንመጣለን። እሷ ደም ትሰጣለች፤ እኔ ብልቃጡ ሚኒባስ ላይ ሲጫን አጠገቡ ተቀምጬ ባሕር ዳር እወርዳለሁ። ውጤቱ ደግም ይሁን ክፉ፣ ያን ምክር በጻፍኩበት በዚህ ገጽ ላይ ከነጥፋቴ አሰፍረዋለሁ።

በርዎ እስኪከፈት ከደጅዎ የማትጠፋው፣
ታላቅ አክባሪዎ ጨው አሳጣቢዋ
መሠረት ሙላቴ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በመመሪያዎ መሠረት ጽንሱንም «ሰኞ ተመለስ» ብለነው ነበር። እርሱ ግን ማደጉን አላቆመም።