ስልኩ ፊት የቀረበው ዳቦ

ለምወድህ ልጄ ለባህሮም፤ የናማንጋን ሰላምታዬ ሞስኮ ድረስ ይድረስህ። በሽታው ሰፈራችንን ቢያስጨንቅም እኛ ተመስገን ደህና ነን። ስልክህ ዝግ ነው እያለ ስላስቸገረኝ፣ ይህን ደብዳቤ ፖም ጭኖ ወደዚያ ለሚመጣ ሾፌር ሰጥቼዋለሁ።

ወሬውን ልንገርህ! ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጅህ ኢሮዳ፣ «በስልክ መማር ቀልድ ነው፤ ትምህርት በቃኝ» ብላ አኮረፈች። እኔ ግን ስልኩን ማዕዱ ላይ አቆምኩት። መምህርቷ ሰኖባር ስልኩ ላይ ብቅ ስትል፣ ቤቴ የገባ እንግዳ ሳይቀምስ አይወጣምና፣ ትኩስ ዳቦ ቆርሼ ፊቷ አቀረብኩላት።

«ኧረ አያቴ፣ አዋረድሽኝ! እንዴት አድርጋ ትብላው?» አለች ኢሮዳ። በየስልካቸው የሚያዩን ተማሪዎች በሳቅ ፈረሱ።

መምህርቷ ግን ከጓዳዋ የራሷን ዳቦ አምጥታ ቆረሰች። «እጅዎ ይባረክ፣ እናቴ! ኢሮዳ፣ እኔ ቤታችሁ መጥቼ አንቺ ልትጠፊ ነው?»

ልጅቷ ሳቋ አመለጣት፤ ቁጭ ብላ ቆረሰች። ከዚያ ወዲህ ተማሪው ሁሉ ዳቦውን ይዞ ነው የሚገባው፤ ቀድማ የምትገባው ደግሞ ያንተዋ ናት። ትናንት የዓመቱ ውጤት መጣ፦ ከክፍሏ አንደኛ! በስልክ ትምህርት ስታሾፍ የከረመችው ጎረቤታችን ኾሊዳ እንኳ፣ «የኔንም ልጅ አስጠኚልኝ» እያለች ትለማመጣታለች።

ስትሄድ ነክሰህ የተውከው ዳቦ፣ ተመልሰህ እስክትጨርሰው እንደ ወጉ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ኢሮዳ አቧራውን ትጠርግልሃለች፤ እኔም ጠዋት ጠዋት አየዋለሁ። ለሾፌሩ አንዲት መስመር ስጠው፤ በራስህ እጅ የተጻፈች ትሁን።

የአንደኛዋ ተማሪ አያት፣ እናትህ ሙካራም።