ዝናቡ ሳያባራ እንመጣለን

ይድረስ ለእታለም፤

እንዴት ሰነበትሽ? ያ ሳል ለቀቀሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ችላ ብለሽዋል? ባለቤትሽና ልጆቹስ? እኛ ተመስገን ነው። እማዬ ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ጎረቤት ትቆጣለች። እኔ ግን ልቤ ተሰቅሎ ነው የከረመው። ዛሬ ብዕር ያነሳሁትም ቀን ስለቆረጥኩ ነው።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አሁን አትምጡ፣ ከተማው ዝናብ ላይ ነው፣ መንገዱ እስከ ጉልበት ውሃ ይሞላል፣ ልብስ ቁም ሳጥን ውስጥ ይሻግታል፣ ትንኙም መከራ ነው፤ ከአምስት ወር በኋላ ሰማዩ ሲጠራ ኑ ብለሻል። እውነትሽን ነው። ችግሩ ሰው ሁሉ የሚመጣው ያኔ መሆኑ ነው። ትኬት ቆራጯ እንዳለችኝ በዚያን ጊዜ የአውሮፕላኑ ዋጋ እጥፍ ይሆናል። ከዝናቡ በፊት ያለው ሙቀት ደግሞ እማዬን ይጥላታል። በልብስ ልክ ወረቀት ጀርባ ላይ ወራቱን አስምሬ ስደምር ስቀንስ ሰነበትኩና፣ ዝናቡ አባርቶ ዋጋው ገና ያልወጣባቸውን ሁለት ሳምንታት አገኘሁ። ደስ ብሎኝ ትኬት ቆራጯ ዘንድ እየሮጥኩ ሄድኩ። ሴትዮዋ ሳቀችብኝ። ብልጥ ነኝ የሚል ሁሉ እነዚህኑ ሁለት ሳምንታት እንደሚያገኛቸውና ወንበሩ ካለቀ መቆየቱን ነገረችኝ።

የገንዘቡ ነገር ብቻ ቢሆን እጠብቅ ነበር። እስካሁን የደበቅኩሽን ልንገርሽ፤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

እማዬ ትቆርጣለች፣ እኔ እሰፋለሁ፤ ይህን ታውቂዋለሽ። ባለፈው ወር የስድሳ ተማሪ ሸሚዝ ታዘዝን። እንደ ወትሮው ቆርጣ፣ አጣጥፋ፣ በክር አስራ ሰጠችኝ። እጅጌ መግጠም ስጀምር የመጀመሪያው ሸሚዝ ግራው እምቢ አለኝ። ሌላ አነሳሁ፣ እሱም እምቢ አለ። ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ባየው መቶ ሃያው እጅጌ በሙሉ የቀኝ ነው! ጨርቁን ሳታጥፍ፣ ልኩንም ሳትገለብጥ አንዱን ብቻ ስትደጋግም ውላለች። ልምድ የሌለው ጀማሪ እንኳ ሦስተኛው ላይ ይነቃል። ቀስ ብዬ ብጠይቃት የሠላሳ ዓመት ሙያዬን ልታስተምሪኝ ነው ወይ ብላ ጮኸችብኝ። ቆይታ ደግሞ፣ ታዲያ በቀኝ እጁ የማይሠራ ማን አለ አለችኝ። እሷ ፊት ሳቅኩ። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ጨርቁንም ለጉዞው ካስቀመጥነው ገንዘብ ላይ አንስቼ እንደገና ገዛሁ።

ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። መጀመሪያ የሚጠፋባት የቅርቡ ነው፣ የሩቁ ይቆያል፣ ኋላ ግን እሱም ይሄዳል አለኝ። ምን ያህል ጊዜ አለን ብዬ ብጠይቀው፣ ይህን እኔም አላውቅም፣ የምታሳዩዋት ሰው ካለ ዛሬውኑ አሳዩዋት አለኝ። እታለም፣ አትደንግጪ። አንቺን አልረሳችም።

አሁን ደግሞ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። እማዬ ያለፈቃዴ አግብተሻልና ደጄን እንዳትረግጪ ካለችሽ ዘጠኝ ዓመት ሆነ አይደል? ከሁለት ዓመት በፊት ራሷ መጥታ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ልጄ ዘንድ ውሰጂኝና ይቅርታ ልጠይቃት ብላኝ ነበር። እሺ፣ ዋጋው ሲወርድ አልኳት። በዓመቱ ደግማ ጠየቀችኝ። አሁንም ሲወርድ አልኳት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ አልጠየቀችኝም፤ የተቀየመችኝ መስሎኝ ነበር። ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ይቅርታዋን ከአፏ ሳትሰሚ ብትቀሪ ዕዳው የእኔ ነው።

ስለዚህ ሁለተኛውን የስፌት መኪና ሸጥኩት። እንዳትቆጪኝ፤ ለአንድ ሰው አንድ መኪና ይበቃል። በመጪው ወር በአሥራ ስምንተኛው ቀን፣ በዝናቡ መሃል እንደርሳለን። ርካሽ ነው፣ አውሮፕላኑም ባዶ ነው አሉ። ጎርፉ ምድር ቤቱ ይገባል? ደረጃው መደገፊያ አለው? አልጋዋን መስኮት ሥር አታድርጊው። በር ሁሉ ከውስጥ በቁልፍ ይዘጋ፤ ምክንያቱን ስመጣ እነግርሻለሁ። ፀጉርሽን ድሮ እንደምትሠሪው ወደ ኋላ ተሠሪው። ስትቀበያት ደግሞ ሮጠሽ አትቀፊያት፤ ቀረብ በያትና መጀመሪያ ስምሽን ንገሪያት። መንገድ አድክሟት ይሆናላ። ሁለተኛ ጊዜ መንገር ካስፈለገም ንገሪያት፣ እንዳይከፋሽ።

ይህን ስጽፍ እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ የሸሚዝ ቁልፍ ትለቅማለች። ለማን እንደምጽፍ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። የምትያት ካለ ልጻፍልሽ ብዬ ብጠይቃት ብዙ አሰበች። ከዚያ እንዲህ ብለሽ ጻፊላት አለችኝ፣ ቃል ሳልጨምር ጻፍኩት፦ እግዜር ይስጥልኝ በያት። ባሏን ይጠብቅላት፣ ልጆቿን ያሳድግላት። በዚህ ዝናብ የማታውቀውን ሰው ቤቷ የምታስገባ ምን ያለች ደግ ናት። እሷን የወለደች እናት ታድላለች።

ታናሽሽ