ቫኑ ኤሚሽን እስኪያልፍ

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 7

ሥራ እንደ ሁልጊዜው። አሌክሳንድሪያ፣ ጥርስ ክሊኒክ፣ ስልክ፣ ቀጠሮ፣ እንደገና ስልክ። አንድ ሰውዬ ጥርሱን ያሳመምኩት እኔ ይመስል ሲጮህብኝ አረፈደ። ስመለስ ቤልትዌይ፣ ከተማውን የሚዞረው ሀይዌይ፣ ተዘጋግቷል። ሲልቨር ስፕሪንግ ቤቴ ስደርስ ጀርባዬ እንጨት ሆኗል።

እማዬ ፖስታውን ከፍታ ጠበቀችኝ። እንግሊዝኛ አታነብም፤ የመኪናዋን ሥዕል ግን አይታለች።

"ስለዚያ ነገር ነው አይደል?"

ያ ነገር ማለት ቫኔ ነው። በስሙ አትጠራውም። ገብታበትም አታውቅም። ቤተ ክርስቲያን ጓደኛዋ ብርሃነሽ ናት የምትወስዳት፤ ሌላ ቦታ በባስ ትሄዳለች።

ደብዳቤው የኤሚሽን፣ የመኪና ጭስ ምርመራ ነው። እስከ ኖቬምበር አጋማሽ ካላለፈ ሬጅስትሬሽኑ ይታገዳል። እሱስ ባልከፋ… ግን ቼክ ኢንጂኗ፣ የሞተር ብልሽት የምታሳየው መብራት፣ ከመስቀል ወዲህ በርታ ቀርታለች። ዝም ካልኳት ትጠፋለች ብዬ ነበር። መብራት ዝም ሲሉት ይጠፋል እንዴ?

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 11

ወደቀ።

የኤሚሽን ጣቢያዋ ኢንስፔክተር ጨዋ ሴት ናት። "ውረጂና እኔ አስገባዋለሁ" አለችኝ። "የት ትቀመጫለሽ?" አልኳት። ጎንበስ ብላ አየች። የሾፌር ወንበር የለም። በራምፑ፣ ከቫኑ በሚዘረጋው መወጣጫ፣ ከነዊልቸሬ ገብቼ፣ መሪው ፊት ከወለሉ ጋር ቆልፌው ነው የምነዳው። ነዳጅ መስጫውም ፍሬኑም በእጅ ነው፤ መሪው ጎን ያለችውን ዘንግ ወደ ታች ስጫናት ይሄዳል፣ ወደ ፊት ስገፋት ይቆማል።

"ኦ…" አለች፣ ፊቷ ቀላ። "በይ አንቺው አስገቢው።"

አስገባሁት። ማሽኑን ሰካች፣ ስክሪኑን አየች፣ ከንፈሯን ነከሰች። ሞተሩ ደህና ነው። የቤንዚን ትነት ግን ከታንኩ በኩል የሆነ ቦታ ያመልጣል። ዊልቸር እንዲያስገባ ወለሉ ዝቅ ሲደረግ ታንኩም ቱቦዎቹም ከቦታቸው ተነሥተዋል። "እንዲህ የተቀየረ መኪና የሚያውቅ ሰው ፈልጊ" አለችኝ።

ቤት ስገባ እማዬ በሩ ጋ ቆማለች።

"አለፈ?"

"ወደቀ።"

"ተመስገን!" አለች። ወዲያው አፏን ያዘች።

ምን ማለቷ ነው?

ሰኞ፣ ኦክቶበር 13

ሆሊዴይ ነው፣ ክሊኒክ ዝግ። ስደውልና ስዞር ዋልኩ።

ሰፈር ያለው ጋራዥ፦ ሞዲፋይድ፣ የተቀየረ መኪና፣ አንነካም። መኪና ሻጩ ዲለር፦ ወለሉን የቀየረው ካምፓኒ ጋ ውሰጂው። ካምፓኒው ከተዘጋ ቆይቷል። ሌላ ጋራዥ ደወልኩ፤ ወለሉ ዝቅ ያለ ነው ስለው "ለእሽቅድምድም ነው?" አለኝ። ሳቄ መጣ። አዎ ወንድሜ፣ በየጠዋቱ እሽቅድምድም ነው።

እማዬ ወጥ እያማሰለች፣ ሳታየኝ፦ "ይቅርብሽ ልዕልት። እግርሽን የወሰደው መኪና አይደል?"

"ያኔ የምነዳው እኔ አልነበርኩም።"

"እሱማ ባለ ሁለት እግር ነበር።"

 እውነቷን ነው፣ ባለ ሁለት እግር ነበር። እዚያው ቤልትዌይ፣ 495 ላይ፣ በዝናብ። መሪ የያዘው እሱ ምንም ሳይሆን ወጣ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 15

ናኢማ፣ ክሊኒክ አብራኝ የምትሠራው፣ ምሳ ሰዓት ላይ ስልኳን ዘረጋችልኝ። "መፍትሔ አገኘሁልሽ!" አካል ጉዳተኛ ሆኖ በዓመት ከአምስት ሺህ ማይል በታች የሚነዳ ሰው ከኤሚሽን ነፃ ሊሆን ይችላል።

"ስንት ትነጃለሽ?"

"እሱንማ ከቤት እዚህ ስመላለስ በጥቂት ወር እጨርሰዋለሁ።"

"ማን ያይሻል? ፈርሚና ተገላገዪ።"

ከሰዓት በኋላ ሥራ አልሠራሁም ማለት ይቻላል። ውሸቱን ፈርቼ ብቻ አይደለም… ያቺን ከቤት እምብዛም የማትወጣ ሴትዮ ዐውቃታለሁ። ከአደጋው በኋላ ሁለት ዓመት እሷን ነበርኩ። መስኮት ጋ ቁጭ ብላ የአካል ጉዳተኛ ባስ ትጠብቃለች። ባሱ አርፍዶ ሲመጣ ሾፌሩን ታመሰግናለች። ሳይመጣ ሲቀርም ደውላ ይቅርታ የምትጠይቀው እሷ ናት። መንዳት የተማርኩት ከእሷ ለመውጣት ነው። አሁን ተመልሼ እሷ ነኝ ብዬ ልፈርም?

"አልፈርምም" አልኳት።

"ደረቅ!" ትንሽ ቆይታ ደግሞ፦ "አጎቴ እዚሁ አሌክሳንድሪያ ጋራዥ አለው። ቆይ ኮል ላድርግለት።"

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 16

የናኢማ አጎት ጋሽ አብዱልባሲጥ ይባላሉ። የደሴ ሰው፣ ሽማግሌ ናቸው። ቫኑን ሁለቴ ዞሩት። ጎንበስ ብለው ሥሩን አዩ፣ ቀና አሉ፣ እንደገና ጎንበስ አሉ።

"እንዲህ ያለ መኪና ነክቼ አላውቅም፣ ልጄ። ካበላሸሁት በምን ትሄጃለሽ?"

እስካሁን እምቢ ካሉኝ ሁሉ በምን ትሄጃለሽ ያለኝ የለም። "ይሞክሩት" አልኳቸው።

የቤንዚኑን ክዳን ቀየሩ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ እሱ ነው አሉ። መብራቷን አጠፏት።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 21

መብራቷ ተመልሳ በራች። ዊልሰን ድልድይ መሀል ላይ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 25

ጋሽ አብዱልባሲጥ ጭስ የሚነፋ ማሽን ተውሰው ጠበቁኝ። ጭሱ ወደ ቱቦው ይነፋል፤ ቀዳዳ ካለ በዚያ ይወጣል። እኔ ወርጄ ከጎን አያለሁ።

ነፉ። ምንም የለም። ቦታ ቀይረው ነፉ። ምንም። መኪናው ሥር በጀርባቸው እንደተኙ ማሽኑን አጠፉ።

"አልቻልኩም፣ ልጄ። ምን ብዬ ልዋሽሽ?"

 አመሰግናለሁ አልኳቸው። ወደ ቫኑ ዞርኩ፣ ልገባ… ራምፑ ፊቴ ተዘርግቷል። ስወርድ ዘርግቼው እንደዚያው ነው። ባለፈው ጊዜም እንደዚያው ነበር።

"ጋሼ… እኔ ስነዳ እኮ ይሄ ገብቶ ነው።"

"እ?"

"ራምፑ። ስነዳ ወለሉ ሥር ይገባል። እርስዎ የሚያዩት ሁልጊዜ ወጥቶ ነው።"

ከሥር ጭንቅላታቸው ብቅ አለ። ተያየን። ገባሁ፣ ቁልፉን ተጫንኩት፣ ራምፑ ሲጢጥ እያለ ገባ። ማሽኑን አስነሡ።

"ወላሂ!" ሲሉ ሰማሁ። በመስኮት ወደ ታች ባይ ነጭ ጭስ ከጎኑ ይትጎለጎላል። ሳቅኩ፣ ደግሞ አለቀስኩ፣ እሳቸው ከሥር ስለነበሩ አላዩኝም።

ራምፑ ሲገባ ቱቦውን ይጫነዋል። ሲፈትገው ሲፈትገው ቀዶታል። ሲወጣ ስለሚለቀው ቅዳዱ ይገጥማል። ቱቦውን ቀየሩልኝና ከራምፑ መንገድ አርቀው አሰሩት።

"አለቀ?"

"የእኔ አለቀ። ያንቺ ቀረ።" መብራቷ ስትጠፋ የመኪናው ኮምፒውተር የሚያውቀውን ሁሉ ይረሳል። ራሱን እንደገና እስኪፈትሽ መነዳት አለበት፤ ሀይዌይ ላይ፣ ረዘም ላለ መንገድ፣ ሳይቆሙ፣ ፍጥነት ሳይለዋውጡ። ያለዚያ ጣቢያው ገና ዝግጁ አይደለም ብሎ ይመልሰኛል።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 30

ከሥራ ስወጣ ጋሽ አብዱልባሲጥ ጋ ጎራ አልኩ። ሰክተው አዩት። መብራቷ አልተመለሰችም፣ ኮምፒውተሩ ግን ገና ነው። ቤልትዌይ ላይ ሳይቆሙ መሄድ የት ይገኛል? እሑድ ማለዳ፣ መንገዱ ባዶ ሲሆን፣ በ270 ሀይዌይ ወደ ፍሬድሪክ ከተማ ብነዳው ይሻላል አሉ።

ለእማዬ ነገርኳት።

"ፍሬድሪክ ማን አለሽ?"

"ማንም። ሄጄ መመለስ ነው።"

"ያለ ጉዳይ?"

"መኪናው መነዳት ስለሚፈልግ ነው።"

ሶፋው ላይ ተቀመጠች። የነጠላዋን ጥለት ስትቆነጥር ቆየች። ከዚያ፦ "ተስዬ ነበር" አለች።

"ምን?"

"ለኪዳነ ምሕረት። እንዲወድቅ። ከወደቀ ጃንጥላ አስገባለሁ ብዬ።"

ያ "ተመስገን" ለካ እሱ ነው!

ጮህኩባት። እናቴ ላይ ጮኼ አላውቅም። "ሲወድቅ የት እንድውል ነው? እዚህ? መስኮት ጋ?"

"በሕይወት እንድትውዪ" አለች። አልጮኸችም።

ራት ሳንነጋገር በላን።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 31

ዛሬም አልተነጋገርንም። ምሳዬን ግን ቋጥራልኝ ነበር።

እሑድ፣ ኖቬምበር 2

እማዬ ነጠላዋን ለብሳ ከእኔ ጋር ወደ ታች ወረደች። ቅዳሴ ልትሄድ መስሎኝ ነበር። ፓርኪንጉ ውስጥ ራምፑን ስዘረጋ አጠገቤ ቆመች።

"ብርሃነሽ አልመጣችም?"

"ቅሪ ብያታለሁ።"

"ቅዳሴውስ?"

"ብቻሽን አትሄጂም። የሚሆነው ነገር ለሁለታችንም ይሁን።"

ምን ይባላል? ገባን።

ጎኔ ተቀመጠች፣ ቤልቷን አሰረች፣ የበሩን እጀታ በሁለት እጇ ያዘች። "በስመ አብ…" ከጆርጂያ አቬኑ ሳንወጣ አንድ ሙሉ ጸሎት ጨረሰች። 270 ባዶ ነበር። ፍጥነቱን አስተካክዬ ያዝኩት። እሷ መንገዱን አታይም፣ እጄን ነው የምታየው።

"አሁን ምን አደረግሽ?"

"ተጫንኩት። ነዳጅ ነው።"

"አሁንስ?"

"ምንም። ይዤዋለሁ።"

ሮክቪልን እንዳለፍን ትንሽ ተነፈሰች። ዛፎቹ ቀልተዋል፣ ቢጫም አለ። ከዚያ አንድ ትልቅ ትራክ ምልክት ሳያሳይ ፊታችን ገባ። ዘንጓን ገፋኋት። ቫኑ ጎንበስ ብሎ ፍጥነቱ ቀነሰ፣ ትራኩ ራቀ። እማዬ ዐይኗን ጨፍናለች።

"ቆመ?" አለች።

"አልቆመም። ቀስ አልን። አልፏል።"

ዐይኗን ከፈተች። ትራኩን አየች፣ እጄን አየች።

"በዚች?"

"በዚች።"

ፍሬድሪክ ደርሰን ዞርን። ስንመለስ አንድ እጇን ከእጀታው አንሥታ ጭኗ ላይ አሳረፈችው።  ከዚያ መንገዱን እያየች፦

"ጠዋት ከወጣሽ ጀምሮ እስክትመለሺ እኮ ቆሜ ነው የምውለው። ሶፋው ለምን እንዳላረጀ አሁን ገባሽ?"

ሳቅን። እሷ ነጠላዋን ወደ ዐይኗ አስጠጋች፣ እኔ መንገዱን አየሁ። እየነዳሁ ላቅፋት አልችልም።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 4

አለፈ!

ያችው ኢንስፔክተር ነበረች። "አስገቢው" ብቻ አለችኝ። ሰካች፣ አየች፣ አውራ ጣቷን አነሣች። አለቀ። ይሄን ሁሉ ያስለቀሰኝ ነገር ሲያልፍ እንዲህ ቀላል ነው?

ጋሽ አብዱልባሲጥን ኮል አደረግኳቸው። "አልሐምዱሊላህ! የራምፑን ነገር ያሰብሽው አንቺ ነሽ፤ ለሰው ስታወሪ ግን አብዱልባሲጥ ነው ያሰበው በዪ" አሉኝ።

እማዬ ደጋግማ ሳመችኝ። የጃንጥላውስ ነገር አልኳት።

"አስገባለኋ።"

"አለፈ እኮ፣ እማዬ።"

"አንዴ ወድቆ ነበር። ስለት ስለት ነው። እመቤቴን ላጭበረብራት ነው?"

እሑድ፣ ኖቬምበር 16

የብርሃነሽ ልጅ ወልዳለች። ከወንዙ ማዶ፣ ስካይላይን ሄደን አራስ ጠየቅን። እማዬ ገንፎውን ራሷ ካላገነፋሁ ብላ ወጥ ቤቱን ያዘችባቸው። ብርሃነሽ "በምን መጣሽ?" ስትላት "በልጄ መኪና ነዋ፣ በምን ልምጣ?" አለቻት። ምንም እንዳልተፈጠረ!

ስንወጣ ካፊያ ነበር። 495 ስንገባ ዝናቡ ወረደው። እኔ ዝናብ ላይ አሁንም ትከሻዬ ይጠነክራል፣ ጥርሴን እነክሳለሁ። እማዬ ዝም አለች። እየጸለየች ነው አልኩ። ፈርታለች፣ እንዳታስፈራኝ ነው ዝም ያለችው አልኩ። የፖቶማክን ወንዝ ከተሻገርን በኋላ "ደህና ነሽ?" አልኳት።

መልስ የለም።

ዘወር ብዬ አየኋት። እጆቿ ጭኗ ላይ ተዘርግተዋል። አፏ ትንሽ ተከፍቷል። እንቅልፍ ወስዷታል። እናቴ፣ በዝናብ፣ 495 ላይ፣ እኔ እየነዳሁ።

ትከሻዬ መቼ እንደለቀቀ አላውቅም።

ወደ ቤታችን የሚያስወጣው የጆርጂያ አቬኑ ኤግዚት ደረሰ። ብወጣ የትራፊክ መብራቱ ላይ መቆም አለ፣ ትነቃለች።

አለፍኩት።