ማደንዘዣውን አልወጋም

እሑድ

ንዴቱ እስካሁን አልበረደልኝም። ጠዋት ሙዲሩ፣ የክሊኒኩ ባለቤት፣ አዲሱን መመሪያ ግድግዳ ላይ ለጠፈ። እንደኔ ያለ የእንስሳት ሕክምና ቴክኒሻን ሐኪሙ ሲያዝ ክትባት ይሰጣል፣ ደም ይቀዳል፣ ቁስል ያጥባል። ማደንዘዝ፣ ቀዶ ሕክምናና ጥርስ መንቀል ግን የሐኪሙ ብቻ ነው። እስከዛሬ ማደንዘዣ ያስወጉኝ ስለነበር አንብቤ ደስ አለኝ።

ከሰዓት ማኅፀኗ ሊወጣ ቀጠሮ የነበራት ድመት መጣች። ሐኪማችን ዶክተር ሃቲም እንደልማዱ ሌላ ክሊኒክ ሄዷል። ደወልኩለት። «ማደንዘዣውን ውጊያት፣ መንገድ ላይ ነኝ» አለ። የመመሪያው ሙጫ እንኳ አልደረቀም። አልወጋም አልኩት። ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ባለቤቷ ጠብቃ ጠብቃ ድመቷን ይዛ ሄደች።

ሰኞ

«ደንበኛ አባረርሽ» አለኝ ሙዲሩ።

መመሪያውን የለጠፍከው አንተ ነህ አልኩት።

«እሱ ለተቆጣጣሪ ነው።» ፊቱ ላይ እፍረት የለም። ድመቷ በማደንዘዣው ትንፋሽ አጥሯት ብትሞት ማን ይጠየቃል አልኩት። ቀጥሎ ያለው ነው ያቃጠለኝ። «መመሪያ ከወደድሽ መርፌ የሚባል አትንኪ፣ ኸላስ። የውሾቹን ማደሪያ እጠቢ። ካልተመቸሽ የመውጫ ቪዛሽን፣ ኸሩጁን፣ አስመትቼልሽ አገርሽ ትገቢያለሽ።»

ክትባት እኮ ተፈቅዶልኛል! እዚያው ወረቀት ላይ ተጽፏል። ማደሪያውን ስፈትግ ዋልኩ።

ነሲም ሰፈር ያለው ቤታችን ስገባ አብራኝ የምትኖረው ሐና፣ «እህቴ፣ የመኖሪያ ፈቃድሽ፣ ኢቃማሽ፣ በእጁ ነው፣ ዝም በይ» አለችኝ። እሷንም ተቆጣኋት። እውነቷን ስለሆነ ይበልጥ ተናደድኩ።

ማክሰኞ

ዛሬም መጥረጊያ። ዶክተሩ ክትባቱንም ደሙንም ብቻውን ይዞ ላቡ ይንቆረቆራል፤ ሰው በር ላይ ያጉረመርማል። ሲያልፍ በስሜ ጠርቶ «ሰላም፣ ግትር ነሽ» አለኝ። ግትር አይደለሁም፤ እፈራለሁ። በር በተከፈተ ቁጥር ሙዲሩ ፓስፖርቴን ይዞ የመጣ ይመስለኛል።

ረቡዕ

መኪና የገጨው ውሻ ደም እያዘራ ገባ። «ሰላም፣ ያላ፣ ቶሎ!» አለ ዶክተሩ። መጥረጊያውን ጥዬ እጄን ታጠብኩ። የደም ሥሩን ፈልጌ ደም ቀዳሁ፣ ግሉኮስ ሰካሁ። ከዚያ በልማድ የማደንዘዣውን መርፌ ዘረጋልኝ። አልተቀበልኩም። አየኝ። ራሱ ወጋና «ትንፋሹን ተከታተይ» አለኝ። ሥራው እስኪያልቅ ዶክተሩ ከክፍሉ አልወጣም።

ሙዲሩ በር ላይ ቆሞ ነበር። ዶክተሩ ቀና ሳይል፣ «ይቺን ልጅ መጥረጊያ አስይዘህ እኔ መሥራት አልችልም» አለው። ቀጥሎም፣ «እኔ በሌለሁበትም የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ አትስጥ» አለ። ሙዲሩ ዞሮ ወጣ።

ይቅርታ ያለኝ የለም። ለዚህ አንድ ውሻ መገጨት ነበረበት? አሁንም ንዴቱ አልወጣልኝም። ስለ ኸሩጁ አልጠየቅኩም፣ ሙዲሩም አላነሳም። ነገ ጓንት ይሰጡኝ ወይ መጥረጊያ፣ አላውቅም። ውሻው ግን ልወጣ ስል አንገቱን ቀና አድርጎ ውሃ ጠጣ።