የጎመኑ ለጋ ጫፍ

ኅዳር 11፣ ሐሙስ

ጫት ካቆምኩ ሰባት ወር ሆነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የሚያቅበጠብጠኝ ኤዲኤችዲ የሚባል የትኩረት ችግር ነው ብለው ሐኪሞች ከነገሩኝ ደግሞ ሁለት።

ዛሬ ጠዋት ባጃጅ ውስጥ መቀመጥ አቅቶኝ ከኦቶና ሆስፒታል እስከ ቤት ድረስ በእግሬ መጣሁ። እማዬ አየችኝና፣ "እጅህ ሥራ ይያዝ" ብላ ጎመን እንድቀነጥስ ሰጠችኝ። ሐሳቤ ወዲያው ሌላ ቦታ ሄደ። ሐሳቤ ሲመለስ ለጋ ለጋውን ጫፍ ብቻ ቀንጥቤ በግራ እጄ ጨብጫለሁ፤ ደህናው ቅጠል ሁሉ እግሬ ሥር ወድቋል። ልክ እንደ ጫት!

እማዬ አየችው። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። የወደቀውን ለቅማ ጎመኑን ወሰደችና በቆሎ አምጥታ ፊቴ ዘረገፈችው።

"ይሄን ፈልፍል፣ ልጄ። ይሄ ቅጠል የለውም።"

አውራ ጣቴ እስኪላጥ ፈለፈልኩ። በቆሎው አለቀ። ገና ዘጠኝ ሰዓት ነው።